የመመለሻው ስንቅ ይቅደም፦ ከመርካቶ እስከ ናይሮቢ በመኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ

መርካቶ ዕቃ የሚሸጥባት ሰፈር እንደ ሆነች ሁሉ መንገደኛ የሚሰናዳባትም ሰፈር ናት። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ከተዛወረና የዛሬዋ መርካቶ ከተመሠረተች ወዲህ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚሸምተው፣ ለዘመድ የሚወስደውን ነጠላ የሚመርጠው፣ ለብዙ ዘመንም በአውቶቡስ ተራ የሚሳፈረው ከዚህችው ሰፈር ነው። ዛሬ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ፣ በራሱ መኪና ድንበር ተሻግሮ፣ እስከ ናይሮቢ ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ የሰፈራችን ሰው ይገኛል። አንዱ ዘመዱን ለመጠየቅ፣ አንዱ የንግድ ነገር ለማየት፣ አንዱም ልጆቹ ከአገራቸው ውጭ ያለውን ሕዝብና አኗኗር በዐይናቸው እንዲያዩለት ብሎ ነው።

አሳቡ መልካም ነው፤ እኛም የምንቃወመው አይደለም። ነገር ግን ጉዞው ካለቀ በኋላ ዕዳው በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ደስታው የሳምንት፣ ጭንቀቱ የዓመት ይሆናል። ባልና ሚስት የሚነታረኩበት፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚዘገይበት፣ የሱቁ ዕቃ የሚጎድልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ በደስታ የተጀመረና በሚገባ ሳይቆጠር የቀረ ነገር ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው ያስተማረውን እናስታውሳለን፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያልቈጠረ ሰው መሠረቱን ከጣለ በኋላ መፈጸም አቅቶት የተመልካች መሳቂያ ይሆናል። መንገድም እንደ ግንብ ነው፤ መጀመሩ ቀላል ነው፣ መፈጸሙ ግን ቁጥር ይጠይቃል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የመንገድ ገንዘብ እንዴት እንደሚቈጠር ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፦ ብልህ ቤተሰብ አስቀድሞ የመመለሻውን ይቈጥራል፣ ከዚያ በኋላ የመሄጃውን።

የቀድሞ አባቶቻችን ልማድ

ወደ ውጭ አገር መጓዝ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሡ፣ ከደጋ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ወርደው፣ ወይም በሱዳንና በግብፅ በኩል አቋርጠው፣ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄዱ ነበር። ያን ጊዜ ስንቅ ማለት ነፍስ ማለት ነበር። ሰውየው ከመነሣቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክራል፤ ያለበትን ዕዳ ይከፍላል፤ የያዘውን አደራ ያስረክባል፤ በቤቱ የሚቀሩትን ለሚጠብቅለት ሰው ዐደራ ይሰጣል። መንገዱን የሚጀምረው ከኋላው የተንጠለጠለ ነገር አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

እንግዳን ለመቀበልም ቢሆን የዘለቀ ገቢ ያስፈልጋል። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘመን ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲፈጸም፣ ከዚያም እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ በዚያች ከተማ ቤቶችን ሲያሠሩ፣ አሳባቸው ለአንድ ጊዜ በዓል አልነበረም፤ በዚያ የሚኖሩትና ወደዚያ የሚደርሱት ኢትዮጵያውያን መጠጊያ እንዳያጡ ነበር። ለነገ ሳያስቡ የዛሬን ብቻ ማውጣት ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

መንገዱና የሚጠይቃቸው ሌሊቶች

ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞጆ፣ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ያልፋል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለውም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል አልፎ በምድር ወገብ ላይ ባለችው በናንዩኪ አጠገብ ይወርዳል። በጠቅላላው መሄጃው 1,550 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልሱ 3,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። በኬንያ ሰሜናዊ በረሓ ያለው መንገድ ቀድሞ ጠጠርና አቧራ ነበረ፤ የጭነት መኪና ነጂዎች ሳይቀሩ ይፈሩት ነበር። ዛሬ ግን አስፋልት ስለ ሆነ ቤተሰብ የያዘ መኪና ሊሄድበት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሞያሌ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድ ቦታ ተገናኝተው የሚሠሩበት የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ ተመርቋል።

ብዙ ሰው የመንገድ ወጪ ሲያስብ ነዳጁን ብቻ ያስባል። ከነዳጁ ይልቅ የሚረሳው ሌሊቱ ነው። ልጆች የያዘ ሰው በጨለማ መንዳት አይገባውም፤ ከብቱም፣ ግመሉም፣ የተበላሸው የጭነት መኪናም በሌሊት አይታይምና። በቀን ብቻ የሚነዳ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሌሊት በዲላ፣ ሁለተኛውን በሞያሌ፣ ሦስተኛውን በኢሲዮሎ አድሮ በአራተኛው ቀን ናይሮቢ ይገባል። ሲመለስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በናይሮቢ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳይታደር የስድስት ሌሊት ማደሪያና የስምንት ቀን ምግብ በመንገዱ ላይ አስቀድሞ ተቈርጧል። ይህን ያልቈጠረ ሰው ገንዘቡ ያለቀበት ቦታ ማርሳቢት ላይ ሲሆን ይደነግጣል።

አንድ ትንሽ ምክር እንጨምር። ሁለተኛው ሌሊት በሞያሌ በእኛ ወገን ቢታደር ማደሪያውም እራቱም በብር ይከፈላል፤ ድንበሩም በማለዳ፣ ሰው ሳይደክም፣ ልጆች ሳይራቡ ይታለፋል። በመሸ ጊዜ በጥድፊያ ተሻግሮ በማያውቁት በኩል ማደሪያ መፈለግ ግን ወጪን ያበዛል።

ብርና ሽልንግ

ሞያሌ የመንገዱ አጋማሽ ናት። ከእርሷ ወዲህ ያለው ወጪ በብር፣ ከእርሷ ወዲያ ያለው በሽልንግ ነው። እንግዲህ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና ለመሄጃው 155 ሊትር፣ ለደርሶ መልሱ 310 ሊትር ይፈልጋል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 155 ሊትሩ፣ በውጭ አገር ገንዘብ የሚገዛ ነው። በብር ብቻ ቈጥሮ የሚነሣ ሰው የመንገዱን ግማሽ ብቻ እንደ ቈጠረ ይወቅ።

የብር ምንዛሪም አንድ ቦታ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለመንገዱ የሚበቃ ብር አጠራቅሞ የጨረሰ ቤተሰብ፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያው ብር በእጁ ሳለ ከሞያሌ ወዲያ ላለው መንገድ የግማሹን እንኳ አይሸፍንለትም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ የጉዞ ሒሳብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ በሣጥን የሚቈለፍ አለመሆኑን ነው። በየወሩ መጀመሪያ የዕለቱን ምንዛሪ ጠይቆ ሒሳቡን እንደ ገና መሥራት ይገባል።

የውጭ ገንዘብ የሚገኝበት ሕጋዊ ቦታ ባንክ ነው፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮም ከባንክ ውጭ ፈቃድ የተሰጣቸው የምንዛሪ ቢሮዎች ተከፍተዋል። መንገደኛ ፓስፖርቱን ይዞ ቀርቦ ለእርሱ የተፈቀደውን መጠን፣ ብርም ይዞ ለመውጣት የተወሰነውን ልክ በቅድሚያ መጠየቅ አለበት፤ መመሪያው ይሻሻላልና። በየበረንዳው በጆሮ የሚንሾካሾከው መንዛሪ የሚያቀርበው ዋጋ ቢያስጎመጅም፣ ገንዘቡ የተወረሰበትና ሐሰተኛ ገንዘብ የደረሰው ሰው ትርፉን የሚጠይቀው ከማን ነው? ክርስቲያን ደግሞ ሕግን የሚጠብቀው ወታደር ሲያየው ብቻ አይደለም።

ድንበር ከማለፍ በፊት የሚከፈሉ ወጪዎችም አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያውያን ለረጅም ዘመን ያለ ቪዛ ወደ ኬንያ ሲገቡ ቈይተዋል፤ ይሁን እንጂ የመግቢያ ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመነሣት በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ብልህነት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱም ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስለ ሆነ የጠፋበት ሰው ካልሆነ በቀር ሁለተኛ አይከፍልም። ለመኪናው ደግሞ ኮሜሳ የሚባለው የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ አባል አገሮች የተስማሙበት ቢጫ ካርድ የሚባል የመድን ዋስትና አለ፤ ከኢንሹራንስ ድርጅት ይገዛል፤ በሌላ አገር በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠብቃል። የጉምሩክ ፈቃዱና የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይም በዚሁ ጊዜ ይጠየቅ። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን ነጂው አይርሳ፤ የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለ ሆነ ለመቅደም ሲፈልግ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ሊያይለት ያስፈልጋል። ጎማና ቀበቶ፣ የመኪና መፍቻና ገመድ የመሳሰለውን በሶማሌ ተራ ዋጋ እያነጻጸሩ መግዛት የሚገባው በእርጋታ ቀን ነው፤ በረሓ መካከል የሚገዛ ጎማ ዋጋው የሻጩ ፈቃድ ነው።

እቁብ ወጥቶ መሄድ

በመርካቶ የጉዞ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእቁብ ነው። እቁብ መልካም የመረዳጃ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ፊት አለው። እስቲ 12 አባላት ያሉት፣ እያንዳንዱ በወር 5,000 ብር የሚጥልበት እቁብ እናስብ። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 60,000 ብር ይቀበላል፤ ከዚህ ውስጥ የራሱ የሆነው 5,000 ብቻ ነው። ቀሪው 55,000 በዋስ የተያዘ ዕዳ ነው። በመጨረሻው ወር የሚወጣለት ሰው ግን የሚቀበለው ያጠራቀመውን የራሱን ገንዘብ ነው። ሁለቱም እቁብ ወጣልን ይላሉ፤ አንዱ ተበዳሪ፣ ሌላው ቆጣቢ መሆኑን ግን መዝገቡ ያውቃል።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዕጣ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው በብድር እንደሚሄድ ይወቅ። ለመዝናናት መበደርን አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለው ነቅፈውታል። በሌላ በኩል የመጨረሻውን ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ብሩ በምንዛሪው እየቀለለ ሊጎዳበት ይችላል። መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ቀሪ ክፍያዎቹን ከሱቁ ወይም ከደመወዙ የሚከፍል መሆኑን ካረጋገጠ፣ ከወጣለትም ገንዘብ የሁለት ወር መዋጮ ለሰብሳቢው በቅድሚያ ካስቀመጠ፣ ዋሱ እንቅልፍ ያጣል ብለን አንሠጋም። ይህን ማድረግ ካልቻለ ዕጣውን ለሥራው ያውለውና ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየው።

የዕድር መዋጮም ከጉዞ የተነሣ መቋረጥ የለበትም። የማኅበር ተራ ቢደርስ በማን እንደሚሸፈን ቀድሞ ይነገር። ለቤተ ክርስቲያን የተለየ አሥራትና የተሳሉት ስለት ደግሞ፣ ኋላ እተካዋለሁ ተብሎ ለነዳጅ የሚነካ ገንዘብ አይደለም።

የምግብ ስንቅና የጾም ወራት

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ስለ ሆነ ቤተሰብ የሚጓዘው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። በሰሜን ኬንያ ያን ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ ለመንገዱ ይመቻል። ነገር ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየትም አገር ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ይህ ለበጀቱ ሸክም የሚመስለው ይኖራል፤ በደንብ ለተሰናዳ ቤት ግን የሚያቀለው ነው።

የእኛ አገር የጾም ስንቅ ለረጅም መንገድ የተፈጠረ ይመስላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የእንጀራ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ሳይበላሹ ሳምንታት ይቈያሉ። ጥሬ እህሉ ከእህል በረንዳ ተገዝቶ በቤት ሲቈላና ሲፈጭ፣ የስምንት ቀን መንገድ ቍርስና መክሰስ በብር ተሸፈነ ማለት ነው፤ ለምሳና ለእራት ብቻ ይገዛል። የሚያዝበትም ዕቃ ይታሰብበት። በኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እኛ ፌስታል የምንለውን የዕቃ መያዣ መሥራትም፣ መሸጥም፣ ይዞ መገኘትም የተከለከለና ከባድ ቅጣት ያለበት ነው። ስለዚህ ስንቁ በአገልግል፣ በዘንቢልና በጨርቅ ከረጢት ይሁን። እናቶቻችን ያውቁት የነበረው መያዣ ዛሬ ከቅጣት የሚያድን ሆኖ ተገኝቷል።

በኬንያም ለጿሚ የሚሆን ርካሽ ምግብ አለ። ከበቆሎና ከባቄላ ዘር ተቀላቅሎ የሚቀቀለው ጊዘሪ ከንፍሯችን ጋር ይመሳሰላል። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊ የገንፎ ወገን ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ጎመን ሱኩማ ዊኪ ይባላል፤ ትርጉሙም ሳምንቱን ግፋው ማለት ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚደርስበት ምግብ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጥቶለታል። የበጀትን ነገር የሚያውቅ ሕዝብ እኛ ብቻ እንዳልሆንን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጎመኑ ግን በሥጋ ቅባት እንዳልተሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለልጆች ደስ የሚል ሌላም ነገር አለ፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቈጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። የዘመን አቈጣጠሩ ግን ስለሚለይ የማደሪያ ቤት አስቀድሞ የሚይዝ ሰው ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር በወረቀት ይጻፈው፤ በተሳሳተ ቀን የተከፈለ ማደሪያ ሁለተኛ ያስከፍላልና።

ይሉኝታ የሚበላው ገንዘብ

በመዝገብ ላይ ስሙ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ብዙ የሚበላ አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ባዶ እጄን ልግባ ወይ ተብሎ ለዘመድ የሚወሰድ፣ ምን አመጣህልን እንዳይባል ለጎረቤት የሚመጣ ስጦታ ነው። ስጦታ የፍቅር ምልክት ስለ ሆነ አይቅር፤ ሆኖም ልክ ይኑረው። ለናይሮቢ ዘመድ የሚወሰደው ነጠላ ከሸማ ተራ፣ በርበሬውና ሽሮው ከቤት ቢሆን በብር ይወጣል፤ ለተቀባዩም በዚያ አገር ከሚገዛው ይልቅ የሚናፍቀው ይህ ነው። ቡና የሚይዝ ሰው ግን ከአገር ለማውጣት የተፈቀደውን መጠን ከጉምሩክ ይጠይቅ። ወደ ቤት የሚመጣው ስጦታ ደግሞ ከመነሣት በፊት የተቀባዮቹ ስም ተጽፎ፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ገንዘቡ ይሰፍርለት። በዝርዝሩ የሌለ ሰው በሰላምታና በጨዋታ ቢሸኝ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ያልፍለታል፤ ዕዳ ግን ዝም ብሎ አያልፍም።

ሒሳቡ እንዴት ይከፈል?

ከላይ የተናገርነውን በምሳሌ እናሳይ። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል የቀረበ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያስገባበት። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ያሉበት፣ ፓስፖርታቸውን ቀደም ብለው ያወጡ አንድ ቤተሰብ በሁለት ዓመት 300,000 ብር አጠራቀመ እንበል።

አንደኛ፣ የቤት ድርሻ ይቀመጥ፤ በሌሉበት ጊዜ የሚከፈል ኪራይ፣ የእቁብና የዕድር መዋጮ፣ ቤት ለሚጠብቀው ሰው ደመወዝ፣ ከተመለሱም በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት አስቤዛ፤ 50,000 ብር ይሁን።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ይቀመጥ። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛውን እንዲያከማቹ እንደ መከረ ከኦሪት ዘፍጥረት እናውቃለን። እኛም ከ300,000 አንድ አምስተኛ፣ 60,000 ብር እናስቀምጥ። ይህ ለሕመም፣ ለመኪና ብልሽት፣ ለምንዛሪ መናር፣ መንገድ ተዘግቶ ለሚታደር ተጨማሪ ሌሊት ነው። የመንገዱን ሰላም በየቀኑ ከሚመላለሱት ነጂዎች መጠየቅም የዚህ ጥንቃቄ ክፍል ነው። ሳይነካ ከተመለሰ የሚቀጥለው ቁጠባ መነሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመመለሻው ይቈጠር፤ ነዳጅ፣ ሦስት ሌሊት፣ አራት ቀን ምግብ፤ 70,000 ብር። የሽልንጉ ክፍል ተመንዝሮ፣ የብሩ ክፍል ለብቻ ታስሮ፣ በእናት እጅ ይቀመጥ። ናይሮቢ ላይ ማንም እንዳይነካው ባልና ሚስት በአንድ ቃል ይስማሙ።

አራተኛ፣ የመሄጃው ይቈጠር፤ የመኪና ማሳደሻው፣ የመድን ካርዱና ክትባቱ ስለሚጨመርበት 80,000 ብር ይሁን።

ይህ ሁሉ ሲደመር 260,000 ነው። ለናይሮቢ ቈይታና ለስጦታ የተረፈው 40,000 ብር ነው። ልጆቹ ሲያስቡት የነበረው፣ አባትም ጉዞ ብሎ የጠራው ይህ 40,000 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአራት ቀን ይበቃ ይሆናል፤ ለአሥር ቀን ግን አይበቃም። ይህን በቤት ጠረጴዛ ላይ ማወቅ አያሳፍርም፤ በሰው አገር ማደሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ማወቅ ግን ያሳፍራል።

ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በመኪና ሲኬድ ነዳጁ ለአንድ ሰውም ለአምስትም ያው ነው፤ በአውቶቡስ ሲኬድ ግን ዋጋው በሰው ልክ ይበዛል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚሄድ ከሆነ አውቶቡሱ፣ አምስት ሰው ከሆነ መኪናው ይረክሳል። ለናይሮቢ ያልበቃ ገንዘብም ለሐዋሳ ይበቃል፤ የሐዋሳን ሐይቅ በሙሉ ልብ ያየ ልጅ፣ ናይሮቢን ወላጆቹ ሲጨቃጨቁ ካየ ልጅ ይልቅ ደስ ብሎት ይመለሳል።

መመለሻው ያልተቈጠረ መንገድ

በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ሌሎችም አሉና ስለ እነርሱ ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በሞያሌ የሚሻገሩ ወጣቶች አሉ። ደላላው የሚነግራቸው የመሄጃውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ስለ መመለሻው አይናገርም፤ እነርሱም አይጠይቁትም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ተዘግተው ሲጓዙ ከነበሩት መካከል 64ቱ አየር አጥተው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የሰው ልጆች ናቸው፤ እናት አላቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃምና በይስሐቅ በያዕቆብም አጠገብ ያሳርፍልን።

ይህን የምናነሣው የቤተሰብን የደስታ ጉዞ ከስደት ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ነገር ግን በቤቱ ጠረጴዛ ላይ አባቱ ወረቀት ዘርግቶ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ የምንጽፈው የምንመለስበትን ነው ሲለው የሰማ ልጅ፣ ኋላ አድጎ ደላላ ሲመጣበት የሚጠይቀውን ጥያቄ ያውቃል። መመለሻዬስ? ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ገንዘቡን ሊቀበለው አይገባም። ስለዚህ ልጆች ገና ትንንሾች ሳሉ በሒሳቡ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ኪሎ ሜትሩን ይደምር፣ አንዷ የየዕለቱን ወጪ በደብተር ትጻፍ፣ ትንሹም የስንቁን ዘንቢል ይቁጠር።

የተወደዳችሁ ቤተሰቦች፣ በዚህ ዓመት ለመጓዝ ያሰባችሁ ብትኖሩ፣ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡናው ቀርቦ ሁሉም በተሰበሰበበት ሰዓት፣ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡ። በላዩ ላይ አስቀድማችሁ ቤት፣ መጠባበቂያ፣ መመለሻ ብላችሁ ጻፉ፤ መሄጃውን ከበታች አስፍሩት። ቁጥሩ ከተስማማችሁ ለንስሐ አባታችሁ አሳውቃችሁ፣ ጸሎት አስደርጋችሁ ተነሡ። ካልተስማማችሁም ወረቀቱን አትቅደዱት፤ ለከርሞ ይጠቅማችኋል።

ወጥቶ በሰላም የሚመለስ መንገደኛ፣ ተመልሶም ያለ ዕዳ የሚገባበት ቤት እንዲሆንላችሁ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳችሁ።